«በጨዋታም ቢሆን አላወጣም!»

"አጀንዳችን አንድ ነው... ሞባይላችሁን ዝጉ!"

ሰብሳቢዋ በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን ጠቅ ጠቅ አደረገች።

ተሰብሳቢው ሁሉ ጸጥ አለ። አንዱ ብቻ ንፍጡን በእጅጌው ጠረገ።

ሰብሳቢዋ ሃሌሉያ ትባላለች... ስድስት ዓመቷ ነው።

ጠረጴዛዋ የተገለበጠ የለስላሳ ሣጥን ነው።

ቦታው ቦንጋ... 2003 ዓ.ም፣ የአንድ ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል።

አስተማሪው ዮሴፍ በሳይኮሎጂ ዲግሪ አለው። አብረውት የተመረቁት ቢሮ ሲደርሳቸው እሱን "ሕፃናት ያዝ" አሉት።

የከተማው ሰው "ወንዱ ሞግዚት መጣ!" እያለ ይስቅበት ነበር።

እሱ ግን ሥራውን ወደደው...

ልጆቹ መደመርን በኮረሪማ ፍሬ ይማራሉ። ፊደልን በጭቃ ይሠራሉ። ከዚያ እቃቃ ነው። ሕጉም ቀላል ነው... ቤታችሁ ያያችሁትን ተጫወቱ።

የነጋዴ ልጅ ሱቅ ይከፍታል። የሹፌር ልጅ ወንበር ደርድሮ "ዋጫ! ዋጫ! አንድ ሰው የቀረው!" ይላል።

ሃሌሉያ ደግሞ የርዕሰ መምህሩ የጋሽ ወልደ ማርያም ልጅ ናት... ስለዚህ ግምገማ ትጫወታለች።

ያን ቀን አባቷ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ከጎናቸው የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ እትዬ ብርቅዬ አሉ። በማግስቱ ዮሴፍ ስለሚገመገም ክፍሉን ሊጎበኙ ነው የመጡት።

"ቁርጥ እኔን አይደለችም?" አሉ ጋሽ ወልደ ማርያም፣ በኩራት።

ሃሌሉያ በሩን አላየችም። ዮሴፍን ሆኖ ወደሚጫወተው ወደ ሱሀይብ ዞረች።

"መምህር ዮሴፍ፣ ሂስህን ዋጥ!"

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም! እንዲያውም ጎበዝ ነህ። ግን ቦታህን ለአጎቴ እንሰጠዋለን... አባዬ ለእማዬ ሲነግራት ሰምቻለሁ።"

የጋሽ ወልደ ማርያም ፈገግታ እዚያው ፊታቸው ላይ ደረቀ።

እትዬ ብርቅዬ ሳቃቸውን በሻርፓቸው አፈኑ።

ዮሴፍ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ሁለቱንም ያያል።

"የምትደግፉ እጅ አውጡ!" አለች ሃሌሉያ።

ጭቃ የነካቸው ትንንሽ እጆች ሁሉ ወጡ... ከአንዲት ልጅ በቀር። የጨርቅ ነጋዴው የመሐመድአሚን ልጅ፣ ፈርዶስ።

"አንቺ! እጅሽን አውጪ እንጂ!"

"አላወጣም።"

"ለምን?"

"ጎበዝ ነው ብለሽ የለ?"

"ጨዋታ እኮ ነው!"

"በጨዋታም ቢሆን አላወጣም!"

"እንግዲያው አናጫውትሽም!"

"አታጫውቱኛ!"

ተነስታ ሄዳ ለብቻዋ ጭቃ መጠፍጠፍ ጀመረች።

ጋሽ ወልደ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ዝናቡ ሳይመጣ እንሂድ" አሉ።

ዮሴፍ ግን ልቡ አረፈ። እትዬ ብርቅዬ በጆሯቸው ሰምተዋል... ነገ ይናገራሉ ብሎ ተማመነ።

በማግስቱ መምህራኑ በሙሉ ተሰበሰቡ። አሁን ሰብሳቢው አባትየው ናቸው።

"መምህር ዮሴፍ ልጆቹን ሲያጫውት ነው የሚውለው። ዲሲፕሊን የሚባል የለም። ወደ ገጠር ይዛወር የሚል ሐሳብ ቀርቧል... አስተያየት ያለው?"

ዮሴፍ እትዬ ብርቅዬን አየ።

እትዬ ብርቅዬ የሻርፓቸውን ዘርፍ ይፈትላሉ...

"ከሌለ፣ የምትደግፉ እጅ አውጡ።"

እጆች ወጡ። የእትዬ ብርቅዬም ወጣ።

አጠገቡ የተቀመጠው ባፈና የሚባል ጓደኛው በክርኑ ጎሰም አደረገው። "ብቻህን እንዳትቀር! 'ሂስ አልዋጠም' ከተባልክ ይብስብሃል። ሰው ሁን እንጂ፣ ዮሴፍ!"

ጋሽ ወልደ ማርያም ቤቱን በዓይናቸው ቃኙ።

"በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!"

እውነታቸውን ነው... በሙሉ ድምፅ ነው።

የመጨረሻዋ እጅ የዮሴፍ የራሱ ነበረች።

ዮሴፍ ገጠር፣ ደካ አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ። በቦታው አጎትየው ገባ። ኮረሪማው ተጠርጎ ተጣለ፣ እቃቃውም ቀረ።

ዮሴፍ ቆይቶ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አቤት ሊል ሄደ። "ተበድያለሁ" አለ።

የሰሙት ሰውዬ ቃለ ጉባኤውን አንብበው ቀና ብለው አዩት...

"ወንድሜ፣ አንተም እኮ ደግፈሃል!"



ወዳጆቼ... በዳይ ብቻውን ብዙ ርቀት አይሄድም። የሚያሻግሩት "ብቻዬን እንዳልቀር" ብለው የሚወጡ እጆች ናቸው። አንዳንዴ ከእነሱ መሀል የተበዳዩም እጅ ይገኛል።

ሕፃን እውነት የሆነውንና ያልሆነውን ለይታ "አታጫውቱኛ!" ብላ ትነሳለች። ትልቅ ሰው ግን ከጨዋታው ላለመውጣት ራሱን ያስወጣል።

እስቲ እውነቱን እናውራ... እናንተ በዮሴፍ ቦታ ብትሆኑ እጃችሁን ታወጡ ነበር? "እኔ አላወጣም" የምትሉ... ከዚህ በፊት ሳታወጡ የቀራችሁበትን ቀን ከሥር ጻፉልን።