ሰባት ሜትር የተባለው ውኃ

ማኒክ ሞተሩን አጠፉት። ጀልባዋ በራሷ ግፊት ጥቂት ሄዳ ጥቁሩ ውኃ ላይ ቆመች።

«እዚህ ጋ ነው» አሉ።

ራኡፋ ታብሌቷን ከቀትሩ ፀሐይ በእጇ ከልላ አየች። ዋና ከተማው ማሌ፣ ቢሮዋ ተቀምጣ፣ ከሳተላይት ፎቶ ላይ የውኃውን ቀለም እያነበበች የሠራችው ካርታ ነው። የነጣው ጥልቀት የለውም፤ የጠቆረው ጥልቅ ነው። እዚህ ጠቁሯል። ሰባት ሜትር ይላል።

ካርታው ከመውጣቱ በፊት ስለዚህ ቦታ ልትጠይቅ አጎቷ ማኒክ ጋ ደውላ ነበር። «እሱማ ሣር ነው፣ ልጄ» አሏት ያኔ። «የባሕር ሣር አጥቁሮት ነው እንጂ ከሥሩ የኮራል ድንጋይ ነው።» እሷ ሳቀች። «አጎቴ ደግሞ! ከሳተላይት በላይ ሊያዩ ነው?» መጥቶ ለማጣራት ሁለት ቀን ይበቃ ነበር። አልመጣችም።

ባለፈው ወር የሐኪም ቤቱ ጀልባ ካርታውን አምኖ በዚህ በኩል አቋረጠ። የጫነው የማኒክን ልጅ ሺፋዛን ነበር፤ ምጥ ጠንቶባት። ጀልባው ኮራሉ ላይ ተሰካ። ባሕሩ ሞልቶ እስኪያነሳው አምስት ሰዓት ፈጀ። ሺፋዛ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

«ያንን ዘንግ አንሺ» አሏት ማኒክ።

«አጎቴ፣ እኔ እኮ...»

«ካርታ ልታርሚ አይደል የመጣሽው? ለኪያ!»

ዘንጉን ወደ ውኃው ሰደደችው። ገና ከመግባቱ ድንጋይ መታና ክንዷን ነዘራት።

«ስንት ሆነ?»

«አንድ ሜትር... ከትንሽ።»

«አልሰማሁሽም። የዕድሜ ልክ የሞተር ጩኸት ጆሮዬን ደፍኖታል።»

«አንድ ሜትር ከአሥር!» ብላ ጮኸች።

ማኒክ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ ሳተላይት ነው። የልጅ ልጄን ብቻ ሳያየው ቀረ።»

ራኡፋ ቁጥሩን አረመች። ሁለቴ ተሳሳተች። «ሺፋዛ ታነጋግረኝ ይሆን?»

«ስምሽ ሲነሳ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። እኔንም ከአንድ ነገር በቀር አታናግረኝም፦ ለምን አጥብቀህ አልነገርካትም ትለኛለች።»

ራኡፋ ታብሌቷን መቀመጫው ላይ አስቀምጣ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ በጀልባዋ ጎን ወረደች። ሣሩ ባቷን ዳበሰው። ውኃው ወገቧ ላይ ሲደርስ እግሯ ድንጋይ ረገጠ። በአራቱም አቅጣጫ መሬት አይታይም፤ እሷ ግን ቆማለች።

ማኒክ ጀርባቸውን ሰጥተዋት፣ ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውኃ በጣሳ እየጨለፉ ይደፋሉ።