የጣቢያ ሹሙ የሕይወት ታሪክ

ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ውስጥ የእኛ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ለእድሩ ይደወላል፣ ቀጥሎ ለሽጉጤ። ሽጉጤ ሆሳዕና እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። አሁን ትሮይቪል በሚባለው ሰፈር ሱቅ አለው፤ በትርፍ ሰዓቱ ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ይጽፋል። በእሱ ብዕር ያለፈ ሰው ሁሉ ደግና ሰው አክባሪ ነው። በዕድሜው አንድ ሰው ሻይ ጋብዞ የማያውቅ ሰውዬ እንኳ "ለጋሱ ወንድማችን" ተብሎ ተሸኝቷል።

ሱቁ ያለበት ፎቅ የአንክል ቬንካት ነው። ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነው። እንግሊዝ ህንድን ስትገዛ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ፤ ልጃቸው ሱሬሽ ጆበርግ ነግዶ ሲያልፍለት አመጣቸው። ዛሬም ከባቡሩ አልወረዱም። ሻይ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ ይጠጣሉ፤ አንድ ደቂቃ ካለፈ ይደፋል። በረንዳ ላይ ቆመው ሚኒባስ ታክሲዎቹን በአረንጓዴ ባንዲራ ያሰናብታሉ፣ ሹፌሮቹም በጥሩምባ ይመልሱላቸዋል።

ለሽጉጤ፣ "እዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ ከሱቅህ የሚነቅልህ የለም" ብለውታል። ቀላል ቃል አይደለም። የጥገኝነት ወረቀቱ ጊዜው አልፏል፣ ማደሻ ቢሮው በኮሮና ተዘግቷል፤ ወረቀት ለሌለው ሰው ሱቅ የሚያከራይ ሌላ ሰው ከየት ይመጣል?

እናም ወረርሽኙ ሲገባ ሽጉጤ ከራሱ ይልቅ ለሽማግሌው ፈራ። ደረጃው ላይ ሳኒታይዘር አስቀመጠ። ሚስቱ ኤርጎጌ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት እያፈላች ትልክላቸው ጀመር፤ ለወለዳት አባቷ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

ጁን መጨረሻ ላይ ሱሬሽ ማስኩን አጥብቆ ሱቅ ገባ።

"ማይ ፍሬንድ፣ የሕይወት ታሪክ ትጽፋለህ አሉኝ። የአባቴን ጻፍልኝ። እኔን ማናገር ትተዋል፣ ላንተ ግን ይነግሩሃል። እስከ ጁላይ ሠላሳ አንድ ካልደረሰ ዋጋ የለውም።"

ሽጉጤ አሥራ ሁለት ዓመት ሲጽፍ በቁሙ ላለ ሰው የሕይወት ታሪክ ያጻፈ አላጋጠመውም። ይኼኛው ጭራሽ ቀን ቆርጦ መጣ!

ኤርጎጌ ስትሰማ አማተበች፣ ፕሮቴስታንት መሆኗንም ረሳች። ሟርት ነውና እንዳይጽፍ ለመነችው። ሽጉጤ ግን አሰበበት። እምቢ ቢል ሰውየው ሌላ ያጽፋል። እሺ ብሎ ቢጎትተውስ? ታሪኩ ሳይዘጋጅ ማን ደፍሮ ይቀብራል? ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ።

በማግስቱ ደብተሩን ይዞ ወጣና ሁለት ሜትር ርቆ ተቀመጠ። አንክል አወሩለት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ቲኬት ቆራጭ ሆነው ተቀጠሩ። ምክትል የጣቢያ ሹም ሳሉ፣ ማዘዣው ላይ ማኅተም ስለጎደለ አገረ ገዢውን ያሳፈረውን ባቡር አሥራ አንድ ደቂቃ አቆሙ። እንግሊዙ አለቃቸው ሰደባቸው፣ ቀጥሎም ሾማቸው። ኮሌራ የገባ ዓመት የሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎችን በር ቆልፈውባቸው የትም ሳያቆሙ መጨረሻው ጣቢያ አደረሷቸው። ሽጉጤ ስንት ሰው ተረፈ ብሎ ጠየቀ።

"ባቡሩ በሰዓቱ ገብቷል" አሉት።

ሽጉጤ "ለተሳፋሪዎቻቸው እጅግ አሳቢ ነበሩ" ብሎ ጻፈ። ልማድ ነው።

ከዚያ መጎተት ጀመረ። አንዱን ጥያቄ ሦስቴ ጠየቀ። ደብተሩ ጠፋብኝ አለ። በአሥራ አንዷ ደቂቃ ብቻ አንድ ሳምንት ፈጀ። አንክልም አልቸኮሉም። ይልቅ በየቀኑ ህንድ ዜጎቿን የምትመልስበት አውሮፕላን መቼ እንደሚነሳ ይጠይቁታል፤ ሽጉጤ እርጅና ነው ብሎ አለፈው። ባዶ የዘይት ካርቶን ሲለምኑትም ሃያ አወጣላቸው። የድሮ ወረቀት መውደዳቸውን ያውቃል።

አንድ ቀን ከላይ ጭቅጭቅ ሰማ። ሱሬሽ ስለ ፊርማ ይጮሃል። ሽጉጤ የሰማው "ፊርማ" የምትለዋን ብቻ ነበር፣ እሷም ቤቱን ሊያስፈርማቸው ነው ለማለት በቃችው። በሳምንቱ ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው መጡና ሱቁን ሳይቀር ለኩ። አንክል ከበረንዳ ባንዲራቸውን አውለበለቡላቸው። ሽጉጤ ከሥር ሆኖ አያቸው። ልጅ ተብዬው ቤታቸውን በቁማቸው እያስለካ፣ እሳቸው እንግዳ ይሸኛሉ!

ሠላሳ አንደኛው ቀን ዓርብ ዋለ። ሱሬሽ በጠዋት መጥቶ ታሪኩ የት ደረሰ አለ። ሽጉጤ ገና በፈረንጆቹ አርባ አራት ላይ ነን፣ የዓለም ጦርነቱም አላለቀም አለው። ሱሬሽ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። ሌላ ሰው ቢሆን ሽጉጤ ያዝንለት ነበር። ለእሱ ግን ውሃ እንኳ አልሰጠውም።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ አንክል ሻያቸውን ጠጡ። እሑድም ጠጡ። ሽጉጤ ሥጋ ገዝቶ ገባ፤ በሕይወቱ የሰው ነፍስ ሲያተርፍ የመጀመሪያው ነው። ኤርጎጌም ይኼን ሁሉ ብልጠት ከየት አመጣኸው ብላ ሳቀችበት።

ሰኞ ሱሬሽ ሲመጣ ሽጉጤ ለጠብ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። የሚናገረውን በእንግሊዝኛ በቃሉ ይዞት ነበር። ሱሬሽ ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

"የቅርስ ቢሮው የሕይወት ታሪኩ ዓርብ ቢደርሰው ቤቱን በቅርስነት መዝግቦ እንዳይሸጥ ሊያግድልኝ ነበር" አለው፤ "አባቴ ህንድ ልግባ ብለው ዛሬ ጠዋት ሸጡት።"