ሰባት ቁጥር ሥዕል

መምህር ተክለጻድቅ የሰባት ቁጥሩን ጣሳ ጠረጴዛው ላይ ሲገለብጡት የበቆሎው ፍሬ እየተንከባለለ መሬት ወረደ። የሌሎቹ ሥዕሎች ጣሳ እፍኝ እንኳ አልሞላ፤ ይሄኛው ግን አፉ ድረስ ጢም ብሏል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏቸው አያውቅም።

ስለ ኤድስ የሚያስተምር ፖስተር ለማግኘት የበጎ ፈቃድ ሠዓሊዎችን ያወዳደሩት እሳቸው ናቸው። ከካምባም፣ ከጨንቻም፣ ከምዕራብ ዓባያም ሥዕል በፖስታ መጣላቸው። አድልዎ እንዳይኖር የሠዓሊው ስም ታሽጎ ተቀመጠ፤ ሥዕሎቹ ቁጥር ብቻ ይዘው ሲቀላ ሰፈር ባለው የቀበሌ አዳራሽ ሦስት ቀን ተሰቀሉ። መምህር በር ላይ ቁጭ ብለው ለገባው ሁሉ አንዳንድ የበቆሎ ፍሬ አደሉ፤ ሰው በወደደው ሥዕል ጣሳ ውስጥ ይጥላል። ያሸነፈው አምስት መቶ ቅጂ ታትሞ በየወረዳው ይለጠፋል።

«መምህር፣ ሰው መጥቷል» አለች ቆጠራውን የምታግዛቸው ሻሺቱ። ድምጿ ደስ አይልም።

በሩ ላይ የቆመው ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ያውም በሲቀላ ሙቀት፣ ያውም በቀትር! ቀስ ብሎ ገባና ሰባት ቁጥር ሥር ቆሞ ፊቱን ገለጠ።

መምህር አንዴ ሥዕሉን፣ አንዴ ሰውየውን አዩና ክው አሉ። በሥዕሉ ላይ አንድ ሸማኔ ሸሚዙን አውልቆ፣ መወርወሪያውን እንደያዘ ደክሞት ጎንበስ ብሏል። ያው የሰረጎደ ጉንጭ፣ ያው ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳ።

«ኤርጫፎ እባላለሁ። ገበያው ዳር ነው የምሸምነው» አለ ሰውየው። «ይሄን አውርዱልኝ፣ መምህር።»

«ማን እንደሳለው እኔ እንኳ አላውቅም እኮ…»

«ልጄ ናት፣ ኢያኤል። ሸሚዜን አውልቄ ሌላ ማን ያየኛል?» ሳል ያዘው። እስኪለቀው ጠበቁት። «ክፋት የላትም። አባባ፣ ሰው ሕመምህን ካየ ያዝንልሃል አለችኝ። ከትናንት ወዲያ ጋቢ የገዙኝ ሦስት ሴቶች አምጥተው ደጄ ላይ ጥለውት ሄዱ። ዛሬ ደግሞ አከራዬ ዕቃህን አውጣ አለኝ።»

ተክለጻድቅ አምስት መቶው ቅጂ ታያቸው። ይሄ ፊት በየጤና ጣቢያው፣ በየገበያው ግንብ ላይ። አፈሩ።

«አይታተምም» አሉ። «የመጣው ይምጣ፣ አይታተምም።»

«ሽልማቷን ግን አትከልክሏት። ቀለም ነው አሉ።» ኤርጫፎ ጣቱን ወደ ሥዕሉ ግርጌ ቀሰረ። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ጎንበስ ብሎ አንብቦ ይስቃል ብለው ነገሩኝ። ምን ይላል?»

መምህር መነጽራቸውን አደረጉ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ ዳኛ ሥዕል ሥር መቆም የለበትም ብለው ከበሩ አልተነሡም። ሰው እዚህ ሲጋፋ ከሩቅ እያዩ፣ ሥዕሉ ቢስበው ነው ብለው ልባቸው ያብጥ ነበር። የዋህነታቸው!

በእስክሪብቶ የኤርጫፎ ስም ተጽፏል። ከሥሩ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ «ጋቢውን እንዳትገዙ» ይላል። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ በላጲስ ተፍቆ ተፍቆ ሳስቷል። ተጽፎ ተፍቋል፤ እንደገና ተጽፎ እንደገና ተፍቋል።

ያቺ ባለ ዩኒፎርም ልጅ ትዝ አለቻቸው። በየቀኑ ማታ በር ሊዘጋ ሲል ትመጣለች፤ እጇን እንደጨበጠች ትገባለች፣ ዓይኗ ቀልቶ ትወጣለች። ሥዕል ወዳድ ናት ብለው ፈገግ ብለውላት ነበር። ለካ ኢያኤል ናት፤ የምትመጣው ይሄን ልትፍቅ ኖሯል።

«ምን ይላል?» አለ ኤርጫፎ ደግሞ።

ማንበብ እንደማይችል እያወቁ፣ መምህር ተክለጻድቅ ጽሑፉን በመዳፋቸው ሸፈኑት።