ሙሉ ደመወዝ

ከደመወዟ ምንም እንዳልተቆረጠ ያየችው ቤቷ ከገባች በኋላ ነው። ሐዘን ለደረሰበት ባልደረባ እንዲሰጥ ከሠራተኛው ሁሉ ተቆርጧል። ለማን እንደሆነ ብትጠይቅ ግን የነገራት አልነበረም።

ደመወዝ ለምትሠራው ለዘርፌ ደወለች።

"የእኔን ረሳሽው እኮ! ስስታም ልታስብይኝ ነው?"

ሌላ ጊዜ 'ሰው ምን ይለኛል' በሚለው ፍርሃቷ የምትቀልድባት ዘርፌ አልሳቀችም። "ቤት ነሽ አይደል? እንዳትወጪ፣ እየመጣን ነው" አለቻት።

ሲመሽ የመሥሪያ ቤቱ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። ቀና ብላ ያየቻት የለችም። ዘርፌ መጨረሻ ገብታ በሩን ዘጋችና እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች።

"ኧረ ተይው የኔ እናት፣ አትቆልፊው" አለቻት። "ልጄ ከመተማ እየመጣ ነው። እሱ ሳይገባ በር ቆልፌ አላውቅም።"

ዘርፌ እያለቀሰች ቆለፈችው።