ፊልሙን የማይጨርሰው ጫማ ሰፊ

ጫማ ሰፊው አንድያ ልጁን የቀበረ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ የፈራው ልጁን ለገጨው ሾፌር ነበር። እኔም ፈርቻለሁ፣ ምን ልዋሻችሁ።

ልጁ ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልወጣለት፣ ሥራ የማይመርጥ፣ የጠሩት ቦታ ሁሉ የሚሄድ፣ ሳቁ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ልጅ ነበር። የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲመለስ ከግድግዳ ጋር አጣበቀው። ዳኛው፣ ሾፌሩ አላየውም ብሎ በነጻ ለቀቀው። አባት አንድ ቃል አልተነፈሰም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የልጁ ፎቶ እንኳ ጠፍቶ፣ ባዶውን ግድግዳ እያየ ከረመ።

የሚጮህ ውሻ አይናከስም ይባል የለ? የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።

ከዚያ ፊልም ቤት መመላለስ ጀመረ። ፊልሙ እዚሁ አገር የተሠራ፣ ልጁን የገደሉበት አባት ገዳዮቹን እያደነ የሚፈጅበት ነው። በሩ ላይ የተለጠፈው ሥዕል ራሱ ሽጉጥ ደግኖባችሁ ነው የምታልፉት! ጫማ ሰፊው ከሰዓት ሥራውን ይዘጋል፣ ወስፌውን ደረት ኪሱ እንደሻጠ ይመጣል፣ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሁልጊዜ ያው ፊልም። ሁልጊዜም ተኩሱ ሳይጀመር ብድግ ብሎ ይወጣል።

የሚወጣበት ሰዓት ነው ጉዱ። ከፊልም ቤቱ ፊት ለፊት ዳቦ ቤት አለ፤ ሾፌሩ ዱቄት የሚያራግፈው ልክ ያን ጊዜ ነው። ጫማ ሰፊው ደረጃው ላይ ቁጭ ይልና ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ፣ በጣቶቹ መሃል መንገዱን ያያል።

ሾፌሩ እህል አልወርድ ቢለው አጎቱ ዘንድ ሄደ። አጎትየው እዚያው ፊልም ቤት ትኬት ይቀድዳል፣ ዘግይቶ የመጣውን በጨለማው እየመራ ወንበር ያሳያል። "ባትሪ" ነው የምንለው። ዕድሜውን ፊልም ቤት ፈጅቶ አንድ ፊልም አላየም፤ ሥራው ጀርባውን ለሸራው ሰጥቶ የሰው እግር ማብራት ነዋ።

"አጎቴ፣ ይሄ ሰውዬ ሊበላኝ ነው።"

"የሚበላህስ የሰፈር ወሬ ነው።"

"ወስፌ ይዟል እኮ!"

"ጫማ ሰፊ ምን እንዲይዝ ፈለግህ፣ ማንኪያ?"

እንዲህ አለ እንጂ ባትሪም ፈርቷል። ሾፌሩ የሟች እህቱ አደራ ነው፤ አዝሎ ያሳደገው እሱ ነው።

በማግስቱ በሩን ለጓደኛው ትቶ ከጫማ ሰፊው ጎን ተቀመጠ።

ሸራው ላይ ወንበዴዎች ጠረጴዛ ከበው ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ። ጫማ ሰፊው ወደ ፊት ተስቦ፣ አፉ ገርበብ ብሎ ቀርቷል። የባትሪ ዓይን ግን ከወስፌዋ አልተነቀለም። ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው ብድግ ሲል ክንዱን ለቀም አደረገው።

"ቁጭ በል፣ ወንድሜ።"

"ልቀቀኝ፣ መውጣት አለብኝ።"

"እኔ እያለሁ አትወጣም።"

"ኧረ በፈጠረህ ልቀቀኝ! ደረሰ እኮ!"

"መድረሱንማ አውቃለሁ። የእህቴን ልጅ ዛሬ አታገኘውም።"

"የምን የእህት ልጅ? ልቀቀኝ አልኩህ!"

ከኋላ አንዱ፣ "እናንተ ሰዎች፣ ጠባችሁን ውጪ! እኛ የመጣነው የዚያኛውን ልናይ ነው" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። ባትሪ በሁለት እጁ ጨምድዶ መልሶ አስቀመጠው። ጫማ ሰፊው እንደ ሕፃን እያለቀሰ ይታገላል፤ ወስፌውን ግን አልነካም።

በዚህ መሃል ሸራው ላይ በሩ ተገነጠለ። አባትየው ሽጉጡን ይዞ ገባ። ባትሪ ደንግጦ ቀና አለና በሥራ ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸራውን አየ። ከጠረጴዛው ዳር የተቀመጠው ለጋ ወንበዴ፣ የተለጠፈለት ጢም ሊወልቅ እስኪደርስ እየሳቀ ወደ በሩ ዞረ። ባትሪ ያንን ሳቅ ያውቀዋል። ምን ያደርጋል፣ ተኩሱ ቀደመው። ልጁ ከነወንበሩ ወደቀ።

የባትሪ እጅ ላላ። አሁን ግን ጫማ ሰፊው አልተነሳም።

"ሁልጊዜ እኮ" አለ፣ "ልጄን ሳይሞት ትቼው ነበር የምወጣው።"