የአይጧ መድኃኒት

«ዋጥ አድርጋት እንጂ የኔ ጌታ! ታንቀህ ልትሞትብኝ ነው?»

ኔልባ የባሏን አገጭ በግራ እጇ ጥፍንግ አድርጋ ይዛ፣ በዓሣ መረቅ የላመ ሙዝ ታጎርሰዋለች። ኤልቪዲዮ ሰውነቱ እሺ አይለውም። ትከሻው ወዲያ ሲል እግሩ ወዲህ ይወረወራል፤ ከጉርሻው ግማሹ ደረቱ ላይ ነው። ሐይቁ ላይ በእንጨት የቆመው ቤት ወለሉ ሳይቀር አብሮት ይናጣል። አባቱም እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው። መንደሩ በሽታውን «ክፉው» ይለዋል፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፣ ከልጆቹ ማንን እንደሚመርጥ ግን አይታወቅም።

ዶክተር ኦሚራ ጉርሻው እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ከማራካይቦ ከተማ በጀልባ መመላለስ ከጀመረች ብዙ ዘመኗ ነው። እዚያ መንደር ለባዕድ ደም አይሰጥም፤ ስለዚህ ደም ፈላጊ ሐኪም ሁሉ መጀመሪያ ልጅ ክርስትና ያነሳል። አበልጅ የጠየቀውን ደግሞ ማን ደፍሮ ይከለክላል? ኦሚራ የኔልባን አንድ ልጅ ዩስማሪን አንስታለች። ዛሬ የመጣችው ለበሽታው ምርምር የዩስማሪን ደም ፈልጋ ነው።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይሽ፣ አበልጄ» ብላ ስልኳን ዘረጋችላት።

አንዲት አይጥ በቀጭን ዘንግ ላይ ለመሄድ ትሞክራለች። እግሮቿ ይርገፈገፋሉ፤ ወደቀች።

«ይቺ ደግሞ ምን ሆነች?»

«ክፉው ይዟት ነው። ከአማትሽ ደም በሽታ አምጪውን ዘረመል ቆርጠው አወጡት፤ ባክቴሪያ ውስጥ ከትተው አባዙት፣ ከዚያ አይጥ ውስጥ አስገቡት። ውጭ አገር ያሉት ተመራማሪዎች ናቸው የሠሩት።»

«ወይ ጉድ! አማቴ በስተርጅና አይጥ ወለደ በይኛ!» ኔልባ ከት ብላ ሳቀች። ኤልቪዲዮም ሳቀ። ሁሉንም ይሰማል፤ የከዳው ምላሱ ነው።

«ቀጥሎ ያለውን እዪ።»

ያችው አይጥ ዘንጉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሻገረች። ኔልባ ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ዳነች?»

«መድኃኒት ሰጥተዋት ነው። በጣም ተሻላት።»

«እሰይ! እሰይ የኔ እናት! ታዲያ መቼ ታመጪልናለሽ?»

ኦሚራ ስልኩን ኪሷ ከተተች።

«ልጄን ታቅፈሽ ቤተ ክርስቲያን ገብተሻል። እንዳትዋሺኝ፣ በሞቴ!»

«ሰው ላይ መሞከር ጀምረዋል፣ እዚያው አገራቸው። እዚህ አያመጡትም። በሽተኛውን የሚከታተል ሆስፒታል የላችሁም ይላሉ።»

«ደማችንን ሲወስዱ ሆስፒታል የታለ ብለው ጠየቁ?»

«እኔም ብያቸዋለሁ፣ አበልጄ…»

«ለመሆኑ ይቺ አይጥ ምን ትበላለች?»

«እሷማ… የራሷ ምግብ አላት። ተመዝኖ ነው የሚሰጣት።»

«ተመዝኖ!» ኔልባ ተንገበገበች። «ባሌ በመወራጨት ብዛት አጥንቱ ብቻ ቀርቶ፣ እኔ ከጎረቤት ሙዝ እለምንለታለሁ። በአባቱ ደም አይጥ ትቀለባለች፣ አይጥ ትታከማለች! በይ ተነሽ፣ ጀልባሽ ይጠብቅሻል። የዩስማሪን ደም አታገኚም።»

አበልጇን ከቤት ውጪ ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። ራሷም ደነገጠች፤ ቃሏን ግን አልመለሰችም።

ከቤቱ ጀርባ ልብስ ስታሰጣ የነበረችው ዩስማሪ ሁሉንም ሰምታለች። መጥታ ከጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ተያት እማዬ። እዚያ ሰው ጋ ከደረሰ፣ እኛም ጋ አንድ ቀን ይደርስ ይሆናል። ለአባዬ ብዬ ነው።»

«አንቺ ዝም በይ! አንቺ ደህና ነሽ። ምንም የለብሽም!»

ልጅቱ ክንዷን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ኦሚራ ኔልባን ቀና ብላ ሳታይ ላስቲኩን አሰረችላት፤ መርፌውንም አወጣች።

የዩስማሪ ጣቶች ተንቀሳቀሱ። ትንሿ ጣት፣ ቀጥላ ሌባ ጣት፣ ማንም ሳያዛቸው። ልጅቱ ፈጠን ብላ በሌላው እጇ ሸፈነቻቸው፤ የዛሬ ብቻ አለመሆኑ ከፍጥነቷ ያስታውቅ ነበር።

ኦሚራ መርፌውን እንደያዘች ቀረች። ዓይኗ የደም ሥሩ ላይ አልነበረም። ኔልባ የአበልጇን ዓይን ተከትላ እሷም አየች።

ኔልባ ከልጇ ጎን ተንበረከከችና ክንዷን ከሥር ደግፋ ያዘችላት።

«ውሰጂ፣ አበልጄ» አለች። «ብዙ ውሰጂ።»