ለሙከራ ያስገባኋት ልጅ

ከሦስት ዓመት በፊት የክሊኒኩን የሪፖርት ሲስተም ስገጥም፣ መሥራቱን ለማየት አንዲት ልጅ ፈጥሬ አስገብቼ ነበር። ስም፦ ሙከራ። ዕድሜ፦ አንድ ዓመት። እናት፦ እኔ። መሰረዙን ረሳሁት።

ዛሬ የሪፖርቱ ቁጥር ከካርድ ክፍሉ ቁጥር በአንድ ሰው በለጠብኝ። ስፈልግ ስፈልግ ትርፏ እሷው ሆና አገኘኋት። ክብደቷ በየወሩ ተመዝግቧል፤ ክትባቷ አንድም አልጎደለም፤ ሁሉም ላይ የታች ፎቋ የክትባት ነርስ ስም አለ።

ነርሷ ቁጥር ለማሳመር የሌለች ልጅ ሲያክሙ ከርመዋል ማለት ነው! ደሜ ፈላ፤ ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ ይቺን ሙከራ የምትባል ልጅ በዓይንዎ አይተዋት ያውቃሉ?»

«ምን ነካሽ? የገዛ ልጅሽን!» ብለው ሳቁ። «አሁን እንኳ መዝኛት “እማዬ ጋ ልሂድ” ብላ ወደ አንቺ ቢሮ ወጣች። ደረጃውን እንደሁ ለምዳዋለች።»

እኔ ወልጄ አላውቅም።

«ይሄ ቀልድ ይብቃ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና፣ ስሟን መርጬ «ሰርዝ» የሚለውን ተጫንኩ።

«እርግጠኛ ነዎት?» ሲል ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ።

መልስ ሳልሰጠው በሩ ተንኳኳ፤ ከእጀታው በጣም ዝቅ ብሎ።